የማዕድን ቆፋሪዎቹ እናት

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ማውንት ኦሊቭ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ሲፈታ ደብረ ዘይት ማለት ነው፤ እኛ ኢየሩሳሌም ላይ ሃር ሃዜይቲም የምንለው። እንደ ኢየሩሳሌሙ ሁሉ እዚያም የታወቀ መቃብር አለ። ያረፉበት ግን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው። በኦክቶበር 1898 ቨርደን በተባለች የኢሊኖይ ከተማ ሥራ ያቆሙ ቆፋሪዎች ኩባንያው በቀጠራቸው ታጣቂዎች ተተኩሶባቸው ሰባቱ ሞቱ። ከሟቾቹ የማውንት ኦሊቭ ልጆች የነበሩትን በከተማው መቃብር ማሳረፉ ተቃውሞ ስለገጠመው፣ የሠራተኞች ማኅበሩ በ1899 የራሱን መሬት ገዝቶ መቃብር ከፈተላቸው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል አንዲት ሴት ተቀብረዋል። የማናቸውም እናት፣ ሚስት ወይም እህት አልነበሩም። ከልጆቼ ጋር ቅበሩኝ ብለው ከመሞታቸው ከዓመታት በፊት አደራ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ስማቸው ሜሪ ሃሪስ ጆንስ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን እናት ጆንስ እያለ ነው።

በዚህ ዕትም የእሳቸውን ሕይወት የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በ30 ዓመቷ ባልም ልጅም ያጣች ስደተኛ የብዙ ሺህ ሰዎች እናት እስክትባል የሄደችበት መንገድ አስገረመን። ሁለተኛ፣ በእሳቸው ዘመን መንግሥት ሥራ ባቆሙ ሠራተኞች ላይ መትረየስ ሲያዞር፣ ከመትረየሱ በፊትም በኋላም የተሰጠ አንድ ዓይነት ደግነት ነበር። ማኅበራዊ ሥራ ለምንማር ለእኛ ይህ ሁለተኛው ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። በወጣትነቷ ገና እናት አልተባለችምና «እሷ» እያልን እንጀምራለን፤ ሀገሩ እናት ካላት በኋላ ግን እኛም አንቱ ማለታችን አይቀርም።

ከክፉ ቀን የወጣች ልጅ

ሜሪ ሃሪስ የተወለደችው አየርላንድ ውስጥ፣ ኮርክ በተባለች ከተማ ነው። ኋላ ላይ የተወለድሁት ሜይ 1 ቀን 1830 ነው ትል ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ግን 1837 ይላል። ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ቀኑን ራሷ ሳትመርጠው አልቀረችም። የልደት ቀናቸው መታወቂያ ላይ በግምት የተጻፈላቸው አያቶች ላሉን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ልጅ ሳለች በአየርላንድ ክፉ ቀን መጣ። ድሃው የሚኖርበት ድንች ከ1845 ጀምሮ በበሽታ እየበሰበሰ ጠፋ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በወረርሽኝ ሞተ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል ደግሞ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ እህልና ከብት በመርከብ እየተጫነ ከሀገሪቱ ይወጣ ነበር። አባቷ ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ቤተሰቡን በኋላ አስመጣ፤ ኑሯቸውም በካናዳ፣ ቶሮንቶ ሆነ። ሜሪ እዚያ ለመምህርነት ተማረች፤ ልብስ ስፌትም ለመደች። እነዚህን ሁለት ሙያዎች ይዛ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በሚሺጋን አስተማረች፣ በቺካጎ ሰፋች፣ በመጨረሻ ሜምፊስ በተባለችው የደቡብ ከተማ መምህርነት ጀመረች።

በ1861 ጆርጅ ጆንስ የተባለ ብረት አቅላጭ አገባች። ጆርጅ በሙያው ማኅበር ውስጥ የጸና ሰው ነበር፤ ስለ ሠራተኞች ማኅበር መጀመሪያ የሰማችው ከእሱ እንደሆነ ይታመናል። አራት ልጆች ወለዱ።

በ1867 ሜምፊስ ላይ ቢጫ ወባ ገባ። ገንዘብ ያለው ከተማውን ለቆ ሸሸ፤ ድሃው በየቤቱ ቀረ። የሜሪ አራት ልጆች አንድ በአንድ ሞቱ። ባሏም ሞተ። አምስቱንም የቀበረችው በአንድ ወረርሽኝ ነው። ከዚያ በኋላ ፈቃድ አውጥታ፣ በሽታው እስኪያልፍ ድረስ የሌሎችን ሕሙማን ስታስታምም ቆየች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ነበር። በየቤታችን ወይም በየጎረቤታችን በሱዳን መንገድ ልጆቻቸውን ቀብረው የመጡ እናቶች አሉ። ብዙዎቹ ስለዚያ አይናገሩም። ሜሪ ጆንስም በሽምግልናዋ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ለዚህ ነገር የሰጠችው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። የልጆቿን ስም እንኳ አልጻፈችም።

ወደ ቺካጎ ተመልሳ የስፌት ሱቅ ከፈተች። በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ለሚኖሩ ሀብታሞች ስትሰፋ፣ በመስኮቱ መስታወት ማዶ ሥራ ያጡ ሰዎች በብርድ ሲንቀጠቀጡ ታይ ነበር። ኦክቶበር 1871 በቺካጎ ታላቁ እሳት ተነሣና ሱቋም ያላት ነገር ሁሉም ተቃጠለ። በ34 ዓመቷ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ቤት የላት፣ መርፌና ክር እንኳ የላት ሴት ሆነች። በዚያው አካባቢ ነበር የሠራተኞችን ስብሰባ መከታተል የጀመረችው።

እናት ሆኑ

ከእሳቱ በኋላ ባሉት ሃያ አምስት ዓመታት ሕይወቷ ውስጥ በመዝገብ የሚገኝ ነገር ጥቂት ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ግን ብቅ አለች፤ ጥቁር ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ነጭ ፀጉሯን ሰብስባ ባርኔጣ ያደረገች፣ ድምፅዋ ከሜዳ ዳር እስከ ሜዳ ዳር የሚሰማ ሴት። ዕድሜዋ 60 ገደማ ነበር፤ እሷ ግን ጨምራ ትናገር ነበር። በዚያ ዘመን ወጣት ሴት በወንዶች ስብሰባ መካከል ቆማ ብትናገር ማንም አያከብራትም፤ የአሮጊትን ቃል ግን ወንበዴም ይሰማል። የማዕድን ሠራተኞች እናት አሏት፤ እሷም ልጆቼ አለቻቸው። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንላቸዋለን።

እናት ጆንስ ለአሜሪካ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አደራጅ ሆነው ከግዛት ግዛት ይዞሩ ጀመር። ቤት አልነበራቸውም። ያደሩበት ሁሉ ቤታቸው ነበር፤ በቆፋሪ ጎጆ፣ በድንኳን፣ በባቡር ጣቢያ፣ ብዙ ጊዜም በእስር ቤት።

ሥራቸው አስቸጋሪ የነበረው ኩባንያዎቹ ስለሚከለክሉ ብቻ አይደለም። ቆፋሪዎቹ ከየሀገሩ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ፖላንዳዊ፣ ስሎቫክ፣ ሜክሲኳዊ፣ አይሪሽ፣ ከደቡብ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። በኮሎራዶ ኩባንያዎች ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎችን ሆን ብለው ይቀላቅሉ ነበር፤ ያልተግባባ አብሮ አያድምምና። እናት ጆንስ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ አስተርጓሚ ይቀበላል፤ አስተርጓሚ በሌለበትም እቤቱ ገብተው ከሚስቲቱ ጋር ሕፃን አቅፈው ይቀመጣሉ።

መንግሥት ለእነዚህ ስደተኞች ምን ዋጋ እንደሚሰጥ ያሳየ አንድ ቀን አለ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1897 በፔንስልቫኒያ ግዛት መሣሪያ ያልያዙ የማዕድን ሠራተኞች የአሜሪካን ባንዲራ ከፊት አድርገው ላቲመር ወደተባለች መንደር ይጓዙ ነበር። አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ነበሩ። የወረዳው ሸሪፍ ሰዎች ተኮሱባቸው። 19 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ የተመቱት ሲሸሹ ከጀርባቸው ነበር። ሸሪፉና ሰዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ ተለቀቁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ እናት ጆንስ ወደዚያው አካባቢ መጡ፤ ግን ወንዶቹን ወደ ጠመንጃው ፊት አልላኩም። ሴቶቹን ሰበሰቡ። ከዚያ በፊት አርኖት በተባለች የፔንስልቫኒያ መንደር የሠራ ዘዴ ነበራቸው። አድማው ሊከሽፍ ሲል የቆፋሪ ሚስቶች መጥረጊያና መወልወያ ይዘው፣ ድስትና መጥበሻ እየደበደቡ ወደ ማዕድኑ ወጡ። በቅሎዎቹ ደንብረው ሸሹ፤ በአድመኞቹ ቦታ ሊሠሩ የመጡትም ተመለሱ። ወታደር በመጥረጊያ ላይ መተኮስ ያፍራል፤ ቢያንስ ለጊዜው።

በ1902 በዌስት ቨርጂኒያ የፍርድ ቤት እገዳ ጥሰው ተናግረዋል ተብለው ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕጉ በችሎት ፊት በአሜሪካ እጅግ አደገኛዋ ሴት ናት አላቸው። እሳቸውም እንደ ማዕረግ ይዘውት ኖሩ። በሚቀጥለው ዓመት በፊላደልፊያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሕፃናትን አስከትለው በእግር ወደ ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የበጋ ቤት ተጓዙ። ከሕፃናቱ አንዳንዶቹ በማሽን ጣታቸው የተቆረጠ ነበር። ፕሬዝዳንቱ አላነጋገራቸውም። ሀገሩ ግን ልጆቹን አየ።

በ1912 እና በ1913 በዌስት ቨርጂኒያ ፔይንት ክሪክና ካቢን ክሪክ በተባሉ ሸለቆዎች ታላቅ አድማ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1913 ሌሊት ብረት የለበሰ ባቡር በአድመኞቹ የድንኳን ሰፈር አጠገብ ሲያልፍ በተኙ ቤተሰቦች ላይ መትረየስ ተኮሰ። ግዛቱ ወታደራዊ ሕግ አወጀ። ከ75 ዓመት በላይ የነበሩትን እናት ጆንስን ይዞ በወታደራዊ ፍርድ ቤት አቆማቸው፤ በሳንባ ምች እየታመሙ ሦስት ወር ያህል ታሰሩ። ነገሩ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደርሶ ክርክር ሲነሣ ተለቀቁ። ወዲያው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮሎራዶ አቀኑ።

የኩባንያው ከተማ

በደቡብ ኮሎራዶ ትልቁ ኩባንያ ኮሎራዶ ፉዌል ኤንድ አይረን ይባላል። ባለቤቱ በኒው ዮርክ የሚኖረው የሮክፌለር ቤተሰብ ነበር። ቆፋሪው የሚኖርበት ቤት የኩባንያው ነው። የሚገዛበት ሱቅ የኩባንያው ነው። ሐኪሙ የኩባንያው፣ የታጠቀው ዘበኛም የኩባንያው። ሸሪፉ በሕዝብ የተመረጠ ይባላል፤ ያስመረጠው ግን ኩባንያው ነው። ደመወዝ የሚከፈለው በወጣው ከሰል ክብደት ስለሆነ ሚዛኑን የያዘ እንጀራውን ይዟል፤ ሚዛኑም የኩባንያው ነበር። ዋሻው እንዳይናድ እንጨት ማቆምና የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ግን ክብደት ስለሌለው አይከፈልበትም። በ1910 ብቻ በሦስት ፍንዳታዎች ከ200 በላይ ሰዎች በደቡብ ኮሎራዶ ዋሻዎች ሞተዋል። ሰው ሲሞት የሚያጣራው ጉባኤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጥፋቱ የሟቹ ነው ይል ነበር።

ይህ ኩባንያ ደግሞ ከ1901 ጀምሮ የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ነበረው፤ መሪው ሪቻርድ ኮርዊን የተባለ ሐኪም ነበር። ክፍሉ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። ለስደተኛ ሚስቶች ምግብ ማብሰልና ስፌት አስተማረ፣ ለወንዶቹ የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት አዘጋጀ፣ የንባብ ክፍል ሠራ፣ መጽሔትም አሳተመ። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። እኛ ዛሬ የምንማረው ሙያ ከቀደሙት ምሳሌዎቹ አንዱ ይህ ነው። በዚያ ክፍል የሠሩት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብለን አናምንም፤ ሕፃናቱም በመዋዕለ ሕፃናቱ ተጠቅመዋል። ነገር ግን ወደ አንድ ቤት ገብተው ሴቲቱን ዳቦ አጋገር ሲያስተምሩ፣ የባሏ ከሰል በትክክል ተመዝኖ እንደሆነ የመጠየቅ ሥልጣን አልነበራቸውም። ደመወዛቸውን የሚከፍለው ሚዛኑን የያዘው ነውና።

ወላጆቻችን በመርካዝ ክሊታ ምድጃ እንዴት እንደሚለኮስና ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብ ሲማሩ የተሰማቸውን ነግረውናል። አንዳንዱ ትምህርት ጠቅሟቸዋል። ስምንት ልጅ ላሳደገች እናት ግን ያሳመማት ያልጠየቀችውን እየተማረች የጠየቀችው አለመመለሱ ነው። ሁለቱን ታሪክ አንድ ነው አንልም፤ ማንም በመርካዝ ክሊታ መትረየስ አላቆመም። ጥያቄው ግን ይመሳሰላል፤ ደጋፊው የሚመልሰው ለማን ነው?

ሉድሎ

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1913 ወደ 10,000 የሚሆኑ ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ። የጠየቁት ማኅበራቸው እንዲታወቅ፣ ሚዛኑን የሚያይ ሰው ራሳቸው እንዲመርጡ፣ በቀን ስምንት ሰዓት እንዲሠሩ፣ በፈለጉት ሱቅ እንዲገዙ፣ በፈለጉት ሐኪም እንዲታከሙ፣ ታጣቂዎቹም እንዲነሡ ነበር። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ በኮሎራዶ ሕግ አስቀድሞ የተጻፉ ናቸው፤ የሚያስፈጽማቸው ጠፋ እንጂ። ኩባንያዎቹ ቤተሰቦቹን ከቤት አስወጡ። በዝናብና በበረዶ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ማኅበሩ ወደተከለላቸው ድንኳኖች ገቡ። ትልቁ ሰፈር ሉድሎ ላይ ነበር፤ 200 ያህል ድንኳን፣ 1,200 ያህል ሰው።

የግዛቱ ገዢ ኤሊያስ አሞንስ በኦክቶበር መጨረሻ ሚሊሻ ላከ። መጀመሪያ አድመኞቹ ወታደሮቹን በደስታ ተቀበሏቸው፤ ከኩባንያው ታጣቂ መንግሥት ይሻላል ብለው። ሳይቆይ ግን ግዛቱ ገንዘብ አለቀበት። ብዙዎቹ የሚሊሻ አባላት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የኩባንያው ዘበኞች የመንግሥት ልብስ ለብሰው ቦታቸውን ያዙ። ሰዎቹ የትናንቶቹ ሆነው የደንብ ልብሱ ብቻ ተቀየረ።

እናት ጆንስ በጃንዋሪ 1914 ትሪኒዳድ ወደተባለችው ከተማ ሲደርሱ ወታደሮች ይዘው በባቡር መለሷቸው። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ በመነኮሳት በሚተዳደር ሆስፒታል ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ታስረው ቆዩ። ክስም ፍርድም አልነበረም። የቆፋሪዎቹ ሚስቶች እናታችንን ልቀቁ ብለው ጃንዋሪ 22 ቀን ሰልፍ ወጡ። ጄኔራል ጆን ቼዝ ሰልፉን ሊያግድ ሲሞክር ከፈረሱ ወደቀ። ሴቶቹ ሳቁ። ጄኔራሉም ፈረሰኞቹን በሴቶቹ ላይ አዘመተ፤ በሰይፍ የቆሰሉ ነበሩ። በማርች እናት ጆንስ ተለቀቁ፤ ደግሞም ተመለሱ። አሁን ያሰሯቸው በዎልሰንበርግ ፍርድ ቤት ምድር ቤት፣ ቀዝቃዛና አይጥ በበዛበት ክፍል ነበር። ወደ አራት ሳምንት ገደማ ቆይተው በኤፕሪል አጋማሽ ወጡ፤ ለአሜሪካ ምክር ቤት ሊናገሩም ወደ ምሥራቅ ሄዱ።

ኤፕሪል 19 ቀን 1914 የግሪኮች ፋሲካ ነበር። የሉድሎ ሰፈር በሙሉ አብሮ በላ፣ ተጫወተ። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ተኩስ ተከፈተ። ሚሊሻው መትረየስ በኮረብታ ላይ አቁሞ ነበር። አድመኞቹም ጠመንጃ ነበራቸውና ተኩሱ ቀኑን ሙሉ ቀጠለ። ሴቶችና ሕፃናት በደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ በጉድጓድና ከድንኳን ሥር በቆፈሩት ጉድባ ተደበቁ። ሲመሽ ድንኳኖቹ ተቃጠሉ። በአንድ ድንኳን ሥር በነበረ ጉድባ ሁለት ሴቶችና 11 ሕፃናት ታፍነው ሞቱ። የሰፈሩ መሪ ሉዊስ ቲካስ የተባለ ግሪካዊ ስደተኛ ነበር። ወታደሮቹ ከያዙት በኋላ ካርል ሊንደርፌልት የተባለ መኮንን በጠመንጃ ሰደፍ ራሱን መታው፤ ከዚያም ከጀርባው ተተኮሰበት። አስከሬኑ በሐዲዱ ዳር ለቀናት ተጋድሞ ነበር። በዚያ ቀን በጠቅላላው 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም ከግማሽ በላይ ልጆች ነበሩ።

ቆፋሪዎቹ በንዴት መሣሪያ አንሥተው ለአሥር ቀናት ማዕድኖቹን አጠቁ። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ፕሬዝዳንት ዊልሰን የፌዴራል ጦር ላኩ። አድማው በዲሴምበር 1914 ማኅበሩ ገንዘብ ሲያልቅበት ያለ ውጤት ተዘጋ። ሚሊሻዎቹን የራሳቸው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣቸው። በነፍስ ግድያ የተፈረደበት የማኅበሩ መሪ ጆን ሎውሰን ነበር፤ ያ ፍርድም ከዓመታት በኋላ ተሻረ።

ከደም በኋላ የመጣ ደግነት

ከጉድባው በሕይወት ከወጡት እናቶች አንዷ ሜሪ ፔትሩቺ ነበረች። ሦስት ልጆቿ እዚያው ሞተዋል። ከወር በኋላ ከሌሎች ሴቶች ጋር እስከ ዋሽንግተን ሄዳ ያየችውን ለፕሬዝዳንቱ ተናገረች። እናት ጆንስም በየከተማው እየዞሩ ሉድሎን አወሩ። ልጆችን መቅበር ምን እንደሆነ ያውቃሉና ስለዚያ ጉድባ ሲናገሩ ከሰው የሰሙትን የሚደግሙ አይመስሉም ነበር።

ወጣቱ ጆን ሮክፌለር ስሙ ሲጠፋ አማካሪዎች ቀጠረ። በጃንዋሪ 1915 ከእናት ጆንስ ጋር ተገናኘ። እሳቸውም መጀመሪያ ልባቸው ራራ፤ ሰውየው ነገሩን አያውቅም ነበር ብለው ለጋዜጠኞች በጎ ተናገሩ። ጓደኞቻቸው ተቆጧቸው። ሮክፌለር በዚያው ዓመት ኮሎራዶ ወርዶ ዋሻ ገባ፣ ከቆፋሪዎች ሚስቶች ጋር ጨፈረ። ሠራተኞች ተወካይ የሚመርጡበት አዲስ ዕቅድም አቀረበ። ቤት ታደሰ፣ መዝናኛ ተሠራ። ተወካዮቹ ግን የሚሰበሰቡት በኩባንያው ሥር ነበር፤ የራሳቸው ማኅበር አሁንም አልታወቀም። እናት ጆንስ ዕቅዱን ሲረዱት ተቃወሙት። ኩባንያ የሚመሠርተው እንዲህ ያለ ማኅበር በአሜሪካ ሕግ የተከለከለው በ1935 ነው፤ እሳቸው ከሞቱ አምስት ዓመት በኋላ።

ሰው ነበሩና ስሕተትም ነበራቸው። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የሚታገሉትን ይነቅፉ ነበር፤ የሀብታም ሴቶች ጨዋታ ነው ብለው። በ1921 በዌስት ቨርጂኒያ ብዙ ሺህ የታጠቁ ቆፋሪዎች ወደ ብሌር ተራራ ሊዘምቱ ሲነሡ፣ ከፕሬዝዳንት ሃርዲንግ ተላከ ያሉትን ቴሌግራም አንብበው እንዲመለሱ ለመኗቸው። መሪዎቹ ሲያጣሩ ቴሌግራሙ እውነት አልነበረም። ምናልባት ሌላ ሉድሎ እንዳይመጣ ፈርተው ይሆናል። ቢሆንም ልጆቻቸው ያኔ አዘኑባቸው፤ ዘመቻውም አልቀረም።

ሜይ 1 ቀን 1930 በሜሪላንድ 100ኛ ልደታቸው ተከበረ፤ በመዝገቡ ከሄድን 93 ሊሆናቸው ነው። የእንኳን አደረሰዎ ቴሌግራም ከላኩት አንዱ ሮክፌለር ነበር። በኖቬምበር 30 ቀን 1930 ዐረፉ። አስከሬናቸው በባቡር ወደ ማውንት ኦሊቭ ተወሰደ።

እኛ በቅርቡ ለተግባር ልምምድ ወደየቢሮው እንወጣለን። ቅጽ ይሰጠናል፣ ቤተሰብ እንጎበኛለን፤ አማርኛ ስለምንችል ብዙ ጊዜ የሚልኩን ወደ ራሳችን ሰዎች ይሆናል። ከእናት ጆንስ ሕይወት ይዘን የምንሄደው አንድ ነገር ነው። እሳቸው ወደ ድሃ ቤት ሲገቡ የሚያስተምሩት ነገር ይዘው አይገቡም ነበር። ተቀምጠው ይጠይቁ ነበር፤ ሚዛኑን ማን እንደያዘው፣ ሴቲቱ ምን እንዳጣች፣ ምን እንደምትፈልግ። የሰሙትንም ይዘው በሩን ወደሚዘጋው ሰው ይሄዱ ነበር። ብዙ ጊዜ አልተሳካላቸውም። ሉድሎን አላስቀሩም። ቢሆንም ቆፋሪዎቹ ማን ከማን ወገን እንደቆመ ያውቁ ነበር።

በ1936 በመቃብራቸው ላይ ትልቅ የድንጋይ ሐውልት ቆመ። ገንዘቡን ያዋጡት የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። በምረቃው ቀን ወደ 50,000 ሰው ወደዚያች ትንሽ ደብረ ዘይት መጣ። አራት ልጆቿን በሜምፊስ ለቀበረችው ሴት፣ መቃብሯን የሚጎበኝ ልጅ አልጠፋም።